ኮፍያ ሻጩን ያከሰረው ካርታ

ፈታኙ የመጨረሻውን ወረቀት ቆጥሮ «መውጣት ትችላላችሁ» ሲል መጀመሪያ የጮኸችው ሬዲዮ ነበረች። ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። ፈተናው እስኪያልቅ ከንፈሯን ነክሳ ስትታገል ቆይታ፣ አንድ እግሯ ከደጃፉ እንዳለፈ «ተገላገልን!» ብላ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል? ከየክፍሉ የወጣው ተፈታኝ ግቢውን ሞላው።

«ያ የፒራሚዱ ጥያቄ! ያ የፒራሚዱ ጥያቄ!»

«አትንገሩኝ! በሞቴ አትንገሩኝ! ቤቴ እስክገባ እንኳ አልፌያለሁ ብዬ ልመን!»

«ሐ ነው አይደል? ሐ በሉኝ። ሐ ያላለ ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛዬ አይደለም።»

አንዱ እስክሪብቶውን ለሁለት ሰብሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረው። ሁለት ሴት ልጆች ተቃቅፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅሱ መስሎት ጠጋ ያለ ሰው የሚሰማው ሳቅ ነው። አንድ ቀጭን ልጅ ግድግዳ ተደግፎ «ከተማ ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት እኮ አውቀው ነበር» እያለ ራሱን ይጠይቃል። የሰው ጂኦግራፊ ፈተና እንዲህ ነው። በሒሳብ የተሳሳተ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ስለ ሰውና ስለሚኖርበት ቦታ ሲጠየቅ ግን የማይከራከር የለም፤ ሁሉም ሰው ነው፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ይኖራል።

ከሁሉም መጨረሻ የወጣችው መቀስ ናት። በሴቶች ፀጉር ቤት ስለምትሠራ ልጆቹ ያወጡላት ስም ነው፤ በዕድሜ ስለምትበልጣቸውም «እትዬ» ይጨምሩበታል። ከሥራ መልስ የጂኦግራፊው መምህር በሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ አብራቸው ተቀምጣ ነው የከረመችው። አንዳንድ ቀን እጇ ላይ የፀጉር ቀለም ሳይለቅ ትመጣና ጥያቄ ለመጠየቅ እጇን ስታነሳ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሷም ትስቃለች። ዛሬ ደግሞ ጣቷ ደንዝዞ፣ ጀርባዋ ደርቆ፣ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ በርቶ ወጣች።

«እትዬ መቀስ! እንዴት ነበር?» አለች ሬዲዮ፣ ክንዷ ላይ ተንጠልጥላ።

«ጻፍኩ» አለች መቀስ። «ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ወረቀቱ አለቀብኝና ጨምሩልኝ አልኩ።»

«ጨምሩልኝ ያልሽው አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ማናት ይቺ ጨካኝ ብዬ ነበር! እኔ ግማሹን ገጽ የምሞላበት አጥቼ መስኮት መስኮት ሳይ!»

መቀስ በዚያ ፈተና እንዲህ መደሰቷ አያስገርምም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠችው እናቷ አልጋ ስትይዝ ነበር። እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፤ ከዚያ ከእህቷ ጋር የተከራዩት አንድ ክፍል ቤት፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሌላው ሌላው እያለ ዘመኑ ሄደ። ትምህርቱን እንደገና ስትጀምር አንድ በአንድ እያለፈች መጥታ የቀረቻት ጂኦግራፊ ብቻ ናት። እሷን ባለፈው ዓመት ለጥቂት ወድቃለች። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ይለወጣል፤ አንድ ትምህርት የቀረውም ቢሆን ያለፈውን ሁሉ ጥሎ ከሀ መጀመር ሊኖርበት ነው። ከሀ ለመጀመር አቅሙም ልቡም እንደሌላት ራሷ ታውቃለች። ስለዚህ በዛሬው ፈተና ወይ የከተማ ፕላን ኮሌጁ ይከፈትላታል፣ ወይ ነገሩ ለዘላለም ያበቃል።

የከተማ ፕላን ለምን እንደወደደች ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ደንበኞቼ ናቸው ያስያዙኝ።» ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ራሷን ለሰው እጅ ስትሰጥ የማትናገረው የለም። የት እንደተወለደች፣ ለምን ከዚያ እንደወጣች፣ የቀድሞ ሰፈሯ ለምን እንዳስጠላት፣ አዲሱን ለምን እንዳልለመደችው። መቀስ ይህን ሁሉ ዘመን ስትሰማ ኖራ፣ አንድ ቀን የመምህሩ መጽሐፍ ውስጥ «ገፊ ምክንያት» እና «ሳቢ ምክንያት» የሚል ስታነብ ክው አለች። የምታውቀው ነገር ስም አለው ለካ!

ግቢው መሃል፣ ዛፉ ሥር፣ ክርክሩ ጦፏል። የክርክሩ አለቃ እንደ ወትሮው ጠበቃው ነው። ይህ ልጅ መምህሩ «እንደምን አደራችሁ» ቢሉት እንኳ «በምን ማስረጃ?» ሊል ምንም አይቀረውም።

«ግርጌው የጠበበ የሕዝብ ፒራሚድ ማለት» ይላል ጠበቃው፣ «የሚወለደው ሕፃን አነሰ ማለት ነው። ይህን የሳተ ሰው እጁን ያንሳ፤ አልቆጣም፤ አዝናለሁ ብቻ።»

«እኔ ግርጌው የጠበበው የሣለው ሰው ወረቀት አልቆበት ነው ብያለሁ» አለች ሬዲዮ።

«አንቺ ይህን አልጻፍሽም!»

«አልጻፍኩም፤ ግን አሰብኩ። ለማሰብም ነጥብ ይኑረዋ!»

መቀስ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ስለ ፒራሚዱ የጻፈችው ልክ ነው። ስለ ከተማ መስፋፋት ልክ ነው። ስለ ገጠርና ከተማ ፍልሰት፣ ልጆቹ የሚጨቃጨቁበትን ሁሉ ልቧ እየዘለለ «እሱንም አግኝቻለሁ፣ እሱንም!» ትላለች። መጨረሻ ላይ አላስችል አላትና ጮክ ብላ ተናገረች፤

«የካርታውስ? የካርታውን ማን ምን ሠራ?»

ይህ የፈተናው ትልቁ ጥያቄ ነበር። የምታውቁትን አንድ መንገድ ንድፍ ካርታ ሥላችሁ፣ ሰዎች ወደዚያ ለምን እንደመጡና እንዴት እንደሚመላለሱበት አስረዱ ይላል። ጥያቄው ሲነሳ ግማሹ አቃሰተ፣ ግማሹ አጨበጨበ።

«እኔ የቤታችንን መንገድ» አለ አንዱ። «ከቤታችን እስከ ኳስ ሜዳው። ሌላ የማውቀው የለም።»

«እኔ ከመጽሐፉ ላይ ያለውን ገለበጥኩ» አለች ሬዲዮ። «ወንዝ፣ ድልድይ፣ ገበያ። የምታውቁትን ነው ያሉት፤ መጽሐፉን ደግሞ አውቀዋለሁ።»

«እኔ የፀጉር ቤታችንን መንገድ» አለች መቀስ፣ ዓይኗ እያበራ። «በስም የማላውቀው ቤት የለም። ቆዩ ላሳያችሁ።» እንጨት አነሳችና አቧራው ላይ መሣል ጀመረች። «ይኸው፣ ፀጉር ቤቱ እዚህ፣ ግርጌ። መንገዱ ከፊቱ እንዲህ ያልፋል። ማዶ ፋርማሲው። ሰሜን ወደ ላይ ነው፤ በራችን ወደ ሰሜን እንደሚያይ መምህሩ ነግረውኛል። የሳሙና ፋብሪካው በግራ ጫፍ፣ መናኸሪያው በቀኝ ጫፍ። ሠራተኛው ጠዋት ከመናኸሪያው ወርዶ ወደ ፋብሪካው ይጎርፋል፣ ማታ ይመለሳል። ፋብሪካው ሳበው፣ እሱ ደግሞ ሻይ ቤቱን ሳበ፣ ሻይ ቤቱ…»

«አንዴ፣ አንዴ» አለ ጠበቃው።

«ምነው?»

«አክስቴ ከፋብሪካው ጀርባ ነው የምትኖረው። በየሳምንቱ ከመናኸሪያው ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው። የእናንተ ፀጉር ቤት በቀኜ ነው። በአንቺ ካርታ ግን ከዚህ ወደዚህ ስሄድ…» ጣቱን አቧራው ላይ ጎተተ፤ «በግራዬ ሆነ።»

«ተሳስተሃል።»

«አልተሳሳትኩም።»

«አንተ ልጅ፣ እዚያ መንገድ ላይ ስንት ዘመን ቆሜ እንደሠራሁ ታውቃለህ? ዓይኔን ጨፍኜ የምሥለው ነው! በሳምንት አንዴ ብቅ ብለህ ልታስተምረኝ?»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ሣልሽው እንዴ? እሱ ይሆናላ ችግሩ!»

ሳቅ ሆነ። መቀስም ሳቀች፣ ግን የሳቋ ጫፍ ትንሽ ተሰበረ። ሬዲዮ አጨበጨበች። «ምን ያከራክራል? መንገዱ የት ይሄዳል? እንሂድና እንየው! ዛሬ ሌላ ሥራ ያለው ማነው?»

ሌላ ሥራ ያለው አልነበረም። ከፈተና የወጣ ልጅ ደግሞ የሚሄድበት ካገኘ ወደ ጨረቃም ይሄዳል። እየተጯጯሁ፣ እየተጋፉ፣ አላፊ አግዳሚውን «እርስዎ ለምን ፈለሱ? ገፊ ነው ሳቢ?» እያሉ እያስደነገጡ ወረዱ። አንድ ሸክም የያዙ ሽማግሌ ቆም ብለው «ሚስቴ ናት የገፋችኝ» ብለው መለሱላቸውና ልጆቹ መንገድ ላይ በሳቅ ተንከባለሉ። መቀስ መሃላቸው ትሄዳለች። አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ጣቷን አየር ላይ እያንቀሳቀሰች መንገዱን በሐሳቧ ትሥላለች። ፋብሪካው በግራ። በግራ ነዋ! በየቀኑ የማየው በግራ ነው።

ደረሱ። ፀጉር ቤቱ በር ላይ፣ ጀርባዋን ለበሩ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ ቆመች። ማዶ ፋርማሲው አለ። ቀስ ብላ ወደ ግራ ዞረች። የመናኸሪያው አውቶቡሶች ጥሩንባቸውን ያምባርቃሉ። ወደ ቀኝ ዞረች። የሳሙና ፋብሪካው ጭስ ማውጫ፣ ረጅምና ነጭ፣ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሬዲዮ አንዴ ጭስ ማውጫውን፣ አንዴ መቀስን ታያለች።

መቀስ ዞራ ወደ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ተከተሏት። የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ ማዳም የሚላት ወፍራም ሴት፣ ፎጣ እያጠፈች ነበር። ፋርማሲስቷ ደግሞ ፀጉሯን አስጠቅልላ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ያ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ጆሮዋ ላይ እያጓራ ጋዜጣ ታነባለች። መቀስ ሁለቱንም ሰላም ሳትል ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ፣ ከሁለተኛው ወንበር ኋላ፣ መስታወቱ ፊት ቆመች። መስታወቱ ውስጥ ክፍት በሩ ይታያል፤ በበሩ ውስጥ መንገዱ፣ ፋርማሲው፣ በግራ በኩል ደግሞ… ጭስ ማውጫው።

«ወይኔ» አለች መቀስ። «ወይኔ ጉዴ! በመስታወት ነው የሣልኩት!»

እውነቷን ነው። ፀጉር ሠሪ ጀርባዋን ለመንገድ ሰጥታ ነው የምትኖረው። ያንን መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ የምታየው ከደንበኛዋ ራስ በላይ፣ መስታወት ውስጥ ነው። ማን አለፈ፣ ማን ከማን ጋር ሄደ፣ ዝናብ መጣ አልመጣ፣ ሁሉንም። በእግሯ ስትሄድበት ወይ ረፍዶባት ትሮጣለች፣ ወይ ደክሟት አንገቷን ደፍታለች። ፈተናው ላይ «የምታውቁትን መንገድ» ሲሏት እጇ ያወጣው የሚያውቀውን ነው።

ልጆቹ መስታወቱ ፊት ተጋፍተው አንገታቸውን እያሰገጉ ያያሉ። «እውነት ነው! በግራ ነው!» «እስኪ እኔም ልይ!» «ወንበሩን አትግፋ!»

«ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች ፋርማሲስቷ ከካስኩ ውስጥ፣ የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት መንገድ ድረስ በሚደርስ ድምፅ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አለች ማዳም መልሳ እየጮኸች። «ካርታ ተገለበጠ!»

«ጋሪ?»

«ካርታ!»

ሬዲዮ የመቀስን ትከሻ አቀፈች። «ስሚኝ እትዬ። ምን ሆነና ነው? አራሚው የእናንተን ሰፈር የት ያውቃል? ፋብሪካው በግራ ይሁን በቀኝ፣ መጥቶ አያይ! እኔ የሌለ ወንዝ ሥዬ የለ እንዴ?»

መቀስ ቀና አለች። እውነት ነው፤ የት ያውቃል? ልቧ ትንሽ መለስ ሲልላት የጻፈችው ትዝ አላትና እዚያው ወንበሩ ላይ ዝርግት አለች።

«ፀሐይ አለች» አለች።

«የምን ፀሐይ?»

«ጽፌያለሁ። ሠራተኛው ጠዋት ወደ ፋብሪካው ሲሄድ ፀሐይ ፊቱን ትመታዋለች፣ ማታ ሲመለስም ትመታዋለች፤ ኮፍያ ሻጩ እዚህ መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተው ለዚህ ነው ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ። ራሱ ነው የነገረኝ። ካርታዬ ላይ ግን ፋብሪካው በምዕራብ ነው! ሰሜንን ወደ ላይ አድርጌ ቀስቱን አድምቄ ሥያለሁ!»

ጠበቃው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሰበ። «ስለዚህ በካርታው መሠረት ጠዋትም ማታም ፀሐይ ከጀርባቸው ናት።»

«አዎ።»

«ኮፍያ የሚገዛ የለም።»

«የለም!»

«ኮፍያ ሻጩ ከስሯል ማለት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማዳም ፎጣው ከእጇ ወደቀ። መቀስ ራሷ እንባዋ በዓይኗ ሞልቶ ሳለ ሳቋ አመለጣትና ሁለቱ ተደባልቀው ትንፋሽ አሳጧት። ኮፍያ ሻጩ ከጎን ሱቁ ጩኸቱን ሰምቶ ብቅ አለ፤ ራሱ መላጣ፣ ኮፍያ የማያደርግ ሰው ነው።

«ማነው የከሰረው?»

«አንተ!» አሉት በአንድ ድምፅ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ተረጋግቶ። «እናንተ ከየት ሰማችሁ?»

ጠበቃው ግን አንዴ ጉዳዩን ከያዘ አይለቅም። ስልኩን አውጥቶ መምህሩ ዘንድ ደወለና ለመቀስ ሰጣት። መቀስ እየተንተባተበች ሁሉንም ተናገረች። መስታወቱን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ፀሐይዋን። ከወዲያ በኩል አንድ ነገር የሚያፍን ሰው ትንፋሽ ተሰማ።

«ጋሼ፣ እየሳቁ ነው?»

«አይደለም፣ አይደለም… አዎ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ይሄን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ ስህተት አልገጠመኝም። እሺ፤ ርዕስ አለው? ቁልፍ አለው? መስፈርት አለው?»

«ሁሉም አለው።»

«ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ጽፈሻል?»

«ወረቀት እስኪጨምሩልኝ ነዋ።»

«እንግዲህ ከካርታው ነጥብ ይቀንሱብሻል፤ አልዋሽሽም። ጽሑፉና ካርታው ሲጣሉ ደግሞ የባሰ የሚቆርጥ አራሚም አለ፣ ልብ ብሎ የማያይም አለ። ባለፈው በምን ያህል እንደወደቅሽ ታውቂያለሽ፤ ጠባብ ናት። አልፈሻል ልልሽ አልችልም። ወድቀሻልም አልልሽም። ደህና እደሪ።»

ያን ማታ ለእህቷ ስትነግራት እህቷ ልብስ ስፌት ላይ ነበረች፤ የሰው ልብስ ቤት አምጥታ ትጠግናለች። መርፌውን ጥርሷ መሃል ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችና «አሁን ከፈተናው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ» አለች፣ «ስንት ሴት ፀጉር ግራውን በቀኝ አድርገሽ ቆርጠሻል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን መርፌውን አውጥታ እጇን ያዘቻት። «ያልሽው አንድ ነገር ነው ልቤ የገባው። ወረቀት ጨምሩልኝ አልሽ አይደል? አንቺ! ያቺ ስሟን ለመጻፍ የምታፍረው!» አለቻት። አምፖሉ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውጤት የመጠበቅ ጊዜ የጭንቅ ብቻ አልነበረም፤ ለመንገዱ ጨዋታም ነበር። የተገለበጠው ካርታ ወሬ ከፋርማሲው ወደ ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ ወደ ፋብሪካው ተሻገረ። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲያልፉ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆም ብለው «እትዬ፣ ዛሬ ፋብሪካው በየት በኩል ነው?» ይሏታል። «በመስታወት ልየውና እነግራችኋለሁ!» ትላለች፣ ማበጠሪያ በእጇ። ኮፍያ ሻጩ ገበያው እንደደራለት እየማለ አንዲት ሰፊ ኮፍያ በነፃ ሰጣት። ደንበኞቿ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ስለ ቤታቸው ማውራት ትተው ስለ አራሚው መገመት ጀመሩ፤ ወንድ ነው ሴት፣ ቁርሱን በልቶ ነው የሚያርመው ሳይበላ፣ ሚስቱ አኩርፋው ይሆን።

ሬዲዮና ጠበቃው ከትምህርት ነፃ ስለሆኑ ፀጉር ቤቱን ቤታቸው አደረጉት። ሬዲዮ በየቀኑ አዲስ ወሬ ይዛ ትመጣለች። እርማቱ አልቋል፤ አላለቀም፤ ጨርሶ አልተጀመረም፤ አንድ ጆንያ ወረቀት ጠፍቷል። ጠበቃው እያንዳንዱን ወሬ ይመረምርና ውድቅ ያደርጋል። መቀስ እጇ ሥራ ላይ፣ ጆሮዋ እነሱ ላይ ነው። አንዳንዴ ግን ሳታስበው በሩ ላይ ወጥታ መንገዱን በዓይኗ ብቻ፣ ያለ መስታወት፣ ረጅም ጊዜ ታየዋለች። እንግዳ ነገር ነበር። ያው መንገድ ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። ግን ከበሩ ላይ ሲታይ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ማዳም ይህን አይታ፣ ፎጣ እያጠፈች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ብታልፊ ማን ይሠራልኛል፣ ብትወድቂ ፊትሽን እንዴት አየዋለሁ፤ አንቺ ልጅ በሁለቱም ገደልሽኝ» አለች።

ውጤቱ የወጣ ቀን መቀስ የፋርማሲስቷን ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ግራው ጎን ተጠቅልሎ አልቋል፤ ቀኙ ገና እርጥብ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ይንጠባጠባል። ሬዲዮ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ትንፋሽ አጥሯታል፤ ጠበቃው ከኋላዋ አለ።

«ወጣ! ወጣ! እኔ አልፌያለሁ! ወንዜም ድልድዬም አልፈዋል!»

«እንኳን ደስ አለሽ!» አለች መቀስ። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለገባት የፀጉር መጠቅለያው እጇ ላይ ቀረ። «እኔን… የእኔን አይታችኋል?»

«ያለ አንቺ እንዴት እናያለን? ቁጥርሽን በይ!»

ቁጥሯን በቃሏ ነው የምታውቀው። ጠበቃው ስልኩ ላይ አስገባ። ገጹ አልከፈት አለ። «ኔትወርኩ ነው» አለ። ማዳም ከመቀመጫዋ ተነሳች። ኮፍያ ሻጩ በሩ ላይ ቆመ። ፋርማሲስቷ በግማሽ የተጠቀለለ ራሷን አዘንብላ ስልኩን ለማየት አንገቷን አስረዘመች። መቀስ ዓይኗን ጨፈነች።

«እየመጣ ነው» አለ ጠበቃው። «እየመጣ… መጣ። ስምሽ። ቁጥርሽ። ጂኦግራፊ።» ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«አንተ ልጅ በሞቴ ተናገር!»

«ማስረጃውን በሚገባ መመርመር አለብኝ…»

ሬዲዮ ስልኩን ነጠቀችው። አየች። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት መናኸሪያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «አልፈሻል! አልፈሻል እትዬ መቀስ! ያውም በጥሩ! ከእኔ በልጠሽ!»

መቀስ ዓይኗን ገለጠች። ስልኩን ተቀብላ ራሷ አነበበችው፣ እንደገናም አነበበችው። አራሚው ፀሐይዋን አይቶ ይቅር ብሏት ይሆን፣ ወይስ ጨርሶ ሳያያት ቀርቶ፣ ስልኩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ውጤቱ ብቻ ነው ያለው። ማዳም ደረቷ ላይ አስገብታ አቀፈቻት፤ ታለቅሳለች፣ እያለቀሰችም «ሂጂ፣ ከዓይኔ ጥፊ፣ ኮሌጅሽ ግቢ!» ትላለች። ኮፍያ ሻጩ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ ጮኸ። ጠበቃው «ይግባኝ አያስፈልግም» አለና የመቀስን እጅ ጨበጠ።

መቀስ ፊቷን በፎጣ ጠረገች። ወንበሩ ኋላ ተመልሳ ቆመችና የቀኙን ፀጉር ልትጀምር መጠቅለያውን አነሳች። እጇ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

«ተይኝ!» አለች ፋርማሲስቷ ከወንበሩ ብድግ ብላ። «በዚህ እጅሽ ራሴን እንዳትነኪ! ነገ እመጣለሁ።»

«ኧረ እንዲህ ሆነሽ እንዴት ትወጫለሽ? ግማሹ እርጥብ ነው እኮ!»

«ለማን ብዬ ነው የማፍረው? ይልቅ ማዶ ያሉት ገና አልሰሙም!»

አንገቷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ሳትፈታ፣ በአንድ ጎን ተጠቅልላ በሌላው ውሃ እያንጠባጠበች፣ መኪናውን በእጇ አስቁማ መንገዱን ተሻገረች። ፋርማሲው በር ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷም ገና ደረጃው ሥር ሳለች ጀመረች፤

«ሰማችሁ? ሰምታችኋል? የእኛዋ አለፈች!»